የአቶ ወልደገብርኤል ርካሽ ሽጉጥ

ሬሳው የተገኘው በረዶው ሲያባራ ነው። አቶ ወልደገብርኤል ፒያሳ ካለው የወርቅ ሱቃቸው ጀርባ፣ በትንሿ ክፍላቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ደረታቸውን በጥይት ተመትተው ሞተዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል፤ መዳፋቸው ውስጥ በቅርቡ የገዟት ጠፍጣፋ፣ ጣሊያን ሠራሽ ሽጉጥ አለች።

ሻምበል እንድሪስ ሲደርስ አሥር አለቃው ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቀው።

«ራሳቸውን ነው ያጠፉት፣ ሻምበል። ሽጉጡም የራሳቸው፣ እጁም የራሳቸው።»

«ጥሩ ነው። እንግዲያው እኔን ምን አድርግ ብላችሁ ጠራችሁኝ?»

እንድሪስ የወሎ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሲያዳምጥ ራሱን ዘንበል የሚያደርግ፣ ለምንም ነገር የማይጣደፍ። የሚጣደፍ ሰው ያናድደዋል፤ በሞተ ሰው ላይ የሚጣደፍ ደግሞ ይበልጥ። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ፊት አየ። ዓይናቸው ተከድኗል። በሁለቱም የዓይን ቆቦች ላይ ከላይ ወደ ታች የተሳበ ጥቁር ቅባት አለ። ነጭ መሐረቡን አውጥቶ አንደኛውን ቆብ በቀስታ ጠረገ፤ በመሐረቡ ሌላ ጫፍ ደግሞ የሽጉጧን ጀርባ ነካ። ያው ጥቁር ቅባት ነው። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ የሟቹን ግራ እጅ አነሣ። ሦስቱ ጣቶች ከብዙ ዘመን በፊት በእሳት ተቃጥለው ተጣብቀዋል፤ አይዘረጉም፣ አይጨብጡም። ክፍሉ ሁለት በር አለው። በሱቁ በኩል ባለው በር ጠርዝ ላይ ቀይ የጣት ምልክት ይታያል። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።

ሬሳውን ያገኘው ኑሪ የተባለው ወርቅ ወልዋይ ባንኮኒው አጠገብ ቆሟል። እጁ እስከ አንጓው ድረስ ቀይ ነው፤ ወርቅ የሚወለወልበት ዱቄት ጥፍሩ ሥር ሳይቀር ገብቷል።

«ተኩስ አልሰማህም?»

«በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጌታዬ፣ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር። ሲያባራ ‹እንዝጋ ወይ?› ልላቸው በሩን ገፋ አደረግሁት። ደሙን ሳይ ከደፉ አላለፍኩም፤ ሮጬ ወጣሁ።»

«ዓይናቸውን የከደንክላቸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ? ተከድኖ ነው ያየሁት። መጀመሪያ የተኙ መስሎኝ ነበር።»

«ሰሞኑን ምን ሆነው ነበር?»

ኑሪ እጁን አሻሸ። «ትናንት አንዲት ደንበኛ አምባር መልሳ መጣች። ጋሼ ወርቅ መፈተኛው ድንጋይ ላይ ፈተኑት። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። እኔንም ሆነ የሚስታቸውን ወንድም አላናገሩም።»

ሻምበሉ ከዚያ አፍንጮ በር ወዳለው የሟቹ ቤት ወጣ። ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አባይነሽ ግን አያለቅሱም፤ ከጓዳው በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት እሱን ይመስላል።

«መምሬ ነገ ከቀትር በፊት ቁርጡን ማወቅ አለብኝ ብለዋል» አሉት ገና ሳይቀመጥ። «ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም። ባሌ የትም ሜዳ ላይ ይጣላል። ሃይማኖታችን አንድ ባይሆንም ይህ ይገባዎታል?»

«ይገባኛል፣ እሜቴ። በእኛም ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም።»

«እሱ ራሱን አላጠፋም። ያንን ሽጉጥ የገዛው መሞት ስለፈራ ነው። ማታ ወርቅ ይዞ ሲመጣ የሚከተለው ሰው ያለ መሰለው።»

«ቤት ሲገቡ የት ያስቀምጧት ነበር?»

«ልጆች ስላሉ የተቀባበለ ሽጉጥ ቤቴ አይገባም ብየዋለሁ። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ያቀባብሉለታል፤ እዚህ በር ላይ ሲደርስ የጎረሰውን ጥይት ያወጡለታል። ዛሬም ጠዋት አለመቀባበሏን ራሴ አይቼ ነው ኮቱ ኪስ የከተትኳት።»

«የሚያቀባብልላቸው ማን ነው?»

«አብሮት የሚመጣው። አብዛኛውን ጊዜ ወንድሜ ነው፤ አንዳንዴ ኑሪ። ኑሪ የነካት ቀን ኪሱ ሁሉ ቀይ ስለሚሆን ጠዋት እወለውላታለሁ።»

ወንድምየው ሙሉዓለም በዚህ መሀል ገባ። እናታቸው የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ነው፤ ያሳደጉት ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው። ሱቁ ውስጥ ወርቅ የሚያቀልጠው እሱ ነው። መልኩ ያማረ፣ ልብሱ የጸዳ ወጣት ነው።

«ዛሬ የት ዋልክ?» አለው እንድሪስ።

«ከቀትር ጀምሮ ሥላሴ አካባቢ ነበርኩ። የሙሽራ ቀለበት ላደርስ ሄጄ በረዶው ያዘኝ።»

«ስለ ጋሼ ምን ታስባለህ?»

«ምን ይባላል፣ ሻምበል። ሰሞኑን አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል? የሆነው ሆኗል።»

«ዝም በል» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። እንድሪስ ተሰናብቶ ወጣ፤ ነገር ግን ‹የሆነው ሆኗል› የሚለው የሙሉዓለም መልስ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነው አደረ።

በማግሥቱ ጠዋት ሥላሴ አካባቢ ቀለበቱን የተቀበሉትን ሰዎች አነጋገረና ሽጉጧ ወደተሸጠችበት ወደ ሰላሀዲን ሱቅ ገባ። ሰላሀዲን ሸበቶ፣ ተጫዋች፣ አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ሻምበሉ ስለ አቶ ወልደገብርኤል ሲጠይቀው ሁለት ሽጉጦች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ምን ዓይነት ነበር የጠየቁዎት?»

«ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን። ዋጋው ረከስ ያለ፣ ኮት ሥር የማይታይ፣ ሌባ ሲመጣ የማያሳፍር። መጀመሪያ ይህችን ትልቋን ታጥቀው መስታወት ፊት ቆሙ። ‹ጎኔ ላይ ዳቦ የደበቅሁ መሰልኩ› ብለው ሳቁ። ከዚያ ይህን ጥይቱ የሚሽከረከር ሆዱ ውስጥ የሚቀመጠውን ባለ ተሽከርካሪ ሰጠኋቸው። ማቀባበል የለበትም፤ ቃታውን መሳብ ብቻ ነው። ለእጅዎ የሚሆነው ይህ ነው አልኳቸው። ግን ሆዱ ትልቅ ነው፣ ዋጋውም ጠንከር ይላል።»

«ጠፍጣፋዋን መረጡ።»

«ርካሽ ናታ። ጣሊያን ሲሸሽ የጣላት ናት። የውስጥ ኪሳቸው ገብታ ጠፋች። ጣጣዋ አንድ ብቻ ነው። ጀርባዋን በሌላኛው እጅ ጨምድደው ካልሳቡት ጥይት አትጎርስም። ደጋግመው ሞከሩ፤ ግራ እጃቸው አልያዘላቸውም። ላብ አጠመቃቸው። እኔም ተዉት አልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን ገዟት?»

«‹የሚያቀባብልልኝ ሰው አለኝ› አሉኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ የነፍስ አባት አይደለሁም።» ከዚያ ሳቁን ተወው። «ትናንት ጠዋት ግን ተመልሰው መጥተው ነበር። ባለ ተሽከርካሪው እስካሁን አለ ወይ አሉኝ። ‹ለሌላ እንዳይሰጡብኝ፤ ነገ መጥቼ እለውጣለሁ› ብለው ሄዱ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።»

እንድሪስ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆየ። አሁን ነገሩ ሁሉ ገባው፤ የገባውም ነገር አላስደሰተውም።

«ሱቁን ዝጉና አብረውኝ ይምጡ» አለው ሰላሀዲንን።

አፍንጮ በር ሲደርሱ ሬሳው ተገንዞ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ አሥር አለቃው በር ላይ ቆሟል። እንድሪስ ወይዘሮ አባይነሽን ወደ ግቢው ጥግ ጠራቸው።

«እሜቴ፣ ባልዎ ፍትሐት ይገባቸዋል። ይህን ለመምሬ ማሳየት እችላለሁ። ሳሳይ ግን ሰው ይዤ እወጣለሁ። ከዚህ ቤት ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ጨበጡ።

«ማን እንደሆነ አይንገሩኝ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻዬን ከሰማሁት ዝም በሉልኝ ብዬ እለምንዎት ይሆናል። ሰው ፊት ይናገሩት።»

ሁሉም ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰላሀዲን ከበሩ አጠገብ፣ ኑሪ ወለሉ ላይ፣ ሙሉዓለም ከእህቱ ጎን ተቀመጡ። እንድሪስ ጥይቷ የወጣላትን ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«መምሬ፣ ይህች ሽጉጥ ትናንት ጠዋት ሳትቀባበል ነው ከዚህ ቤት የወጣችው። ወይዘሮ አባይነሽ አይተዋታል። ስትተኩስ ግን የግድ ተቀባብላ ነበር። ሟቹ ራሳቸው ሊያቀባብሏት አይችሉም። ሰላሀዲን ምስክር ነው።»

«ወላሂ፣ ፊቴ ሞክረው አቅቷቸዋል» አለ ሰላሀዲን።

«ቀድሞ አቀባብሎ የሰጣቸው ሰው ቢኖርስ?» አሉ መምሬ። «ከዚያ ራሳቸው ተኩሰው ቢሆንስ?»

«ደግ ጠየቁ። የሞቱ ዕለት ጠዋት ሰላሀዲን ዘንድ ሄደው ነበር። ‹ነገ መጥቼ እለውጣለሁ› አሉት። ዛሬ ሊሞት ያሰበ ሰው ለነገ ሽጉጥ አያስቀምጥም። ደግሞም የፈለጉት ማቀባበል የማያሻውን ነው። ለምን? የሚያቀባብልላቸውን ሰው ማመን ስላቆሙ ነው። የሚያቀባብሉላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ኑሪ አንገቱን ደፋ።

«ና ኑሪ፣ አቀባብላት።»

ኑሪ ሽጉጧን አነሣ፤ ጀርባዋን ሳበና መልሶ አስቀመጠ። የሽጉጧ ጀርባ በቀይ ተለወሰ።

«ካደረ በኋላ እንኳ እጁ ይህን ያህል ያቀልማል» አለ እንድሪስ። «ትናንት የገፋው በር ቀይ ሆኗል። ሽጉጧ ላይ ግን ቀይ አልነበረም። ሟቹም ላይ አልነበረም። ሰላሀዲንም አይደለም፤ ሲያቅታቸው በዓይኑ ያየ ሰው ይህችኑ ሽጉጥ አስጨብጦ ራሳቸውን አጠፉ አያሰኝም። እንዲህ የሚሳሳት፣ በየማታው ራሱ እያቀባበለ ተቀባብላ ማየት የለመደ ሰው ነው።» ከሽጉጧ ላይ ቀዩን ጠርጎ ዞር አለ። «አሁን አንተ፣ ሙሉዓለም።»

ሙሉዓለም እህቱን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሽጉጧን ያዘና በአንድ ጊዜ አቀባበላት። የለመደ እጅ ነው።

«አውራ ጣትህን አሳየኝ።»

አውራ ጣቱ በቅባት ጠቁሯል። እንድሪስ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ከጣቱ ጎን ዘረጋው።

«ይህ የሟቹ ዓይን ላይ የነበረ ነው። ሽጉጧን ያቀባበለ ሰው በዚያው እጁ ዓይናቸውን ከድኖላቸዋል። ሌባ እንዲህ አያደርግም። ጠላትም አያደርግም። ዘመድ ነው ዓይን የሚከድን። ኑሪ ሲገባ ተከድኖ ነበር፤ ወይዘሮ አባይነሽ ሬሳውን ያዩት ወደዚህ ሲመጣ ነው። አንተ ደግሞ ቀለበቱን በረዶው ሳይጀምር አድርሰህ መሄድህን ተቀባዮቹ ነግረውኛል። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ‹ራሱን አላጠፋም› ሲል፣ እህትህ ፍትሐት ልታጣ ስትል፣ ‹የሆነው ሆኗል› ያልከው አንተ ብቻ ነህ።»

ወይዘሮ አባይነሽ ቀስ ብለው ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ዓይኑን የከደንክለት አንተ ነህ?»

ሙሉዓለም ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«እያዩኝ ነበር፣ እትዬ። ከሞቱም በኋላ እያዩኝ ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ወርቁ ላይ መዳብ ይቀላቅል ነበር። አምባሩ ሲመለስ ጋሼ ደረሱበት። በጓሮ በር ገብቶ ይቅር በሉኝ ቢላቸው፣ «ነገ ደንበኞቹን ጠርቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ አንተም ከሱቄ ትወጣለህ» አሉት። ሽጉጧ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ላስፈራራቸው ብዬ ነው አለ። እጁ የለመደውን አደረገ፤ ቀጥሎ የሆነውን እሱም በቅጡ አያውቀውም። እንድሪስ አመነው። ማመኑ ግን ሐዘኑን አላቀለለለትም።

አሥር አለቃው ካቴናውን አወጣ። ሙሉዓለም እጁን እየሰጠ ቀና አለ።

«ሻምበል፣ ቀብሩን ልሸኝ ይፈቀድልኝ።»

እንድሪስ ወደ ወይዘሮ አባይነሽ ተመለከተ። ይህን እሱ ሊወስነው አልፈለገም። ሴትዮዋ ወንድማቸው አጠገብ ሄደው ቆሙ፤ ልጅ ሳለ ያደርጉት እንደነበረው የኮቱን ኮሌታ አስተካከሉለት።

«አይሆንም» አሉት። «ዛሬ ለባሌ ነው የማለቅሰው። ላንተ ነገ እጀምራለሁ።»

ከዚያ ወደ ካህኑ ዞሩ።

«መምሬ፣ ይጀምሩልኝ።»

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ጓዳው ገቡ። ወይዘሮ አባይነሽ ተከተሏቸው፤ ከትናንት ጀምሮ ያፈኑት ለቅሶ ሬሳው ፊት ሲደርሱ ወጣ። እንድሪስ ፍትሐቱ እስኪጀመር ቆመ፤ ከዚያም ሙሉዓለምን ይዞ ወጣ።