ከበርሜሉ ውስጥ የወጣው ፀጉር

ያ ፀጉር የማን ነበር?

እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው በእነዚህ ጣቶቼ ስቤ ማውጣቴን ነው። የማያምነኝ ካለ አልፈርድበትም፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን ሆኗል።

ቀኑ አርብ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው መሳለሚያ፣ የአጎቴ የሙናዊር ጋራዥ።

አጎቴ የሚጠግነው ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ነው። እኔ ፖላንድ ስድስት ዓመት የመርከብ ሞተር ተምሬ ተመለስኩና እሱ ጋ ገባሁ። ባሕር በሌለበት አገር። ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለኛል።

ሐሙስ ዕለት ግን የጀልባ ሞተር መጣልኝ።

ያመጣው ጋሼ ሀብተሚካኤል የሚባል የዝዋይ ሰው ነው፤ ሐይቁ ላይ ሰው ያመላልሳል። ጥቁር ማተቡ ላይ የነሐስ ቁልፍ አንጠልጥሏል። ሳየው ጊዜ ሳቀ።

«የጀልባዬ ሰንሰለት ቁልፍ ነው። ኪሴ ሳደርገው ውሃ በላብኝ። እዚህ ግን አንገቴን ካልወሰደ አይወስደውም።»

የሞተሩ ችግር ሲግል የሚጮኸው አላርሙ ነበር። ድንገት ይጮሃል፣ ድንገት ይተዋል።

«መቼ መቼ ነው የሚጮኸው?» አልኩት።

«ሲያሰኘው። ውባንቺ፣ ባለቤቴ፣ ጓዳ ተቀምጦ ሲጮህ ሰማሁት ትላለች።»

«ሞተሩ ሳይነሳ?»

«ሳይነሳ።»

«ከማን ነው የገዙት?»

«ሐይቁን ትቶ ከሄደ ሰው።»

ለምን እንደተወ አልጠየቅኩም።

«ብቻ ለነገ አድርስልኝ» አለኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ለንግሥ አሥራ አራት ሰው ወደ ደሴቱ አሻግራለሁ። ልጆችም አሉበት።»

አርብ በጁምዓ ሰዓት መርካቶ እንዴት ጸጥ እንደሚል ያየ ያውቀዋል። ሱቁ ይዘጋል። ምንጣፉ አስፋልት ላይ ይነጠፋል። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ አይታወቅም።

እኔ ከተመለስኩ ወዲህ ጁምዓ አልሄድም። አጎቴም አይጠይቀኝም።

እየወጣ ግን በሩ ላይ ቆመ።

«እስክመለስ ካላገኘኸው ቁረጠው።»

«ምኑን?»

«የአላርሙን ሽቦ። ሴንሰሩ አርጅቶ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሞተሩን የሚወስደው አይሱዙ ይመጣል።»

«አጎቴ፣ የሚጮኸው ምክንያት ካለውስ?»

«ካፒቴን፣ እዚህ ሰፈር የሚጮህ ሁሉ ምክንያት ቢኖረው ጆሮ አይተርፈንም ነበር።»

ሄደ።

ሞተሩን በርሜል ላይ አሰርኩት። በርሜሉን በቧንቧ ውሃ ሞላሁት። ዘይቱን አየሁ፣ ደህና ነው። ባትሪውን ለካሁ፣ ደህና ነው። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩ፤ አልዛገም፣ አልተላጠም።

አስነሳሁት። የማቀዝቀዣው ውሃ በጎኑ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አራት ደቂቃ ያህል ምንም አላለም።

ከዚያ ውሃው ቀጠነ... ተቆረጠ... አላርሙ ጮኸ።

ግሏል ብዬ አጠፋሁትና እጄን ጫንኩበት። ቀዝቃዛ ነው።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ነበር የሞቀው። ላዩ ላይ ስብ ሰፍፏል። ሽታው... ድስት ውስጥ የተረሳ፣ ሦስት ቀን ያደረ የሥጋ መረቅ ነው።

ሞተሩን አንስቼ ውሃ የሚስብበትን ወንፊት ፈታሁ። ጥቁር ነገር ተወትፏል። በፒንሳ ያዝኩና ሳብኩ።

ፀጉር ነው።

ሳብኩት... አላለቀም። እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረ። ጫፉ ላይ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የተቀቀለ የሚመስል ቆዳ ነበረበት።

ከነፒንሳው መሬት ላይ ጣልኩት።

ከዚያ እንደተማርኩት ማሰብ ጀመርኩ። ሐይቅ ነው፣ ሰው ይታጠብበታል፣ ሞተሩም ያገኘውን ስቧል። በቃ፣ ችግሩ ተገኘ። ሁሉንም አጠብኩ። በርሜሉን ደፍቼ በኦሞ ፈትጌ አዲስ ውሃ ሞላሁ።

አስነሳሁት።

አራት ደቂቃ። አላርሙ ጮኸ።

ወንፊቱን ፈታሁ። ፀጉር።

ይኼኛው ሹሩባ ነው። ጥብቅ ብሎ የተሠራ፣ ዛሬ ጠዋት የተሠራ የሚመስል። እና ይሞቃል። ከሰው አናት ላይ አሁን እንደተነሳ ይሞቃል።

ውሃው የቧንቧ ነው። የሞላሁት እኔ ነኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ አላስነሳሁትም። ራሱ ጮኸ። ሞተሩ ጠፍቶ።

ባትሪውን ነቀልኩ።

ጮኸ።

አጭር... አጭር... ረጅም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንደሚጣራ። እንዲህ ያለ አጯጯህ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የለም።

ሽቦውን ቆረጥኩት።

ዝም አለ። እኔም እፎይ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ስብና ፀጉር በላይ ዛሬ የሚያስጠላኝ ያ እፎይታዬ ነው።

አላርሙን ነቅዬ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። ፀጉሩን ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጣልኩት።

አጎቴ ተመለሰና አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ሐይቅ ነው።»

«ተገኘ?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ስድስት ዓመት ተምሮ መጥቶ ፀጉር አየሁ አለ ሲባል ታየኝ።

«ተገኘ» አልኩት።

በዘጠኝ ሰዓት ጋሼ ሀብተሚካኤል መጣ። አስነስተን ጥቂት ሰማው።

«ዝም አለ» አለኝ በሹክሹክታ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ የቆመ ይመስል።

«ዝም አለ፣ ጋሼ።»

«መማር ጥሩ ነው።» እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ መዳፉን አሸተተ። ሱሪው ላይ ጠረገው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋራዡን ከፈትኩ።

ቆርቆሮው ይጮሃል።

ባትሪ የለውም፣ ሽቦ የለውም። አጭር... አጭር... ረጅም።

ጋሼ ሀብተሚካኤል ስልክ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። መልእክት ጻፍኩለት፦ «ጋሼ፣ ችግሩን አላገኘሁትም። ዋሽቼዎታለሁ። ሽቦውን ቆርጬ ነው የሰጠሁዎት። ሰው እንዳይጭኑ።» ሲደርሰው ሁለት ምልክት ይሆናል።

አንዲት ግራጫ ምልክት።

ቆርቆሮው ጸጥ አለ።

ላነሳው ስል ከበደኝ። ትናንት ባዶ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩት። እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል፤ ስብ ሰፍፎበታል፣ ለብ ያለ ነው፣ ያ መረቅ ይሸታል። ትንፋሼን ይዤ እጄን ከተትኩ።

አላርሙ የለም።

ጣቴ ላይ የተጠመጠመውን ሳብኩት። ፀጉር መስሎኝ ነበር።

ጥቁር ማተብ ነው። አልተፈታም፣ አልተበጠሰም። የነሐስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁትና ላኩለት።

«ጋሼ፣ ቁልፍዎ አንገትዎ ላይ ነው?»

አንዲት ግራጫ ምልክት። እስከ ዛሬ ሁለት አልሆነችም።