ሦስት በዓል በአንድ ገመድ

ርእሰ መምህሩ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ ታስሯል። ቀኝ መዳፉ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ አንገቱ ተሰብሯል። እንግዶች ሊመጡ ጥቂት ነበር የቀረው።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከቀኑ ነው። ያ ዕለት በዓለም ዙሪያ የእጅ መታጠብ ቀን ነው። ያው ዕለት ደግሞ የነጭ በትር ቀን፣ የዓይነ ስውራን መታሰቢያ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች «በድምቀት ይከበር» ብለው ጻፉ። የትምህርት ቤቱ ነርስ «ቀኑ የኔ ነው» አለች፤ የሙዚቃ መምህሩ፣ እሱ ዓይነ ስውር ነውና፣ «አይ፣ የኔ ነው» አለ። ርእሰ መምህሩ ክርክር የማይወድ ሰው ስለነበር ሁለቱን በዓል አጋባቸው። እንግዶቹ መዳፋቸውን ቀለም ይቀቡና ዓይናቸው ይታሰራል። ከአዳራሹ በር ጀምሮ ኮሪደሩን ይዞ እስከ ቧንቧዎቹ የተወጠረውን ገመድ ጨብጠው ይሄዳሉ፤ ሳያዩ ይታጠባሉ። ከዚያ ዓይናቸው ተፈቶ እጃቸው ላይ የቀረውን እድፍ ያያሉ። ነገሩ ያምራል። «መጀመሪያ እኔ ልሞክረው» ያለውም ራሱ ነው።

የተላከችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሌላው የወረደውን ዱቄት ሲያይ፣ እሷ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ታያለች ለማለት ነው። ቀልዱን ታውቀዋለች፤ አትቀየምም።

ወንፊት አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የጫማውን ሶል በጣቷ ዳበሰችው፤ ነጭ የጠመኔ ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ። ቀና ብላ ደረጃውን አየች። የላይኞቹ ደረጃዎች ላይ ውሃ አቁሯል። ተነሣች።

ኮሪደሩ ውስጥ አንዲት አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ተማሪውም መምህሩም «እማማ» ነው የሚላት። አጠገቧ ፖሊስ ቆሟል። መርማሪዋ አፏን ሳትከፍት እማማ ቀደመች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«እንዴት አድርገው እማማ?»

«ደረጃውን ወልውዬ ቆሻሻውን ውሃ ልደፋ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አድርቄዋለሁ ብዬ ነበር። በደረቅ ጨርቅ ሁለቴ የሄድኩበት ይመስለኛል። ግን ይኸው ውሃው! እርጅና ነው ልጄ። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ ነው።»

«ጓንት አድርገው ነበር?»

«ይኸው።» ቢጫ የጎማ ጓንቶቿን ዘረጋችላት። መርማሪዋ ጣት በጣት ገለባበጠቻቸው።

«የምታስሩኝ ከሆነም እሰሩኝ» አለች እማማ። «ብቻ የልጅ ልጄን ቤት ቆልፌባት ነው የመጣሁት። ከኔ ሌላ ሰው የላትም። አንዱ ሄዶ ይክፈትላት።» ቁልፉን ከጉያዋ አውጥታ ዘረጋችላት። ወንፊት ቁልፉን አልተቀበለችም።

«ይያዙት እስቲ» አለቻት።

ነርሷ ክፍሏ ውስጥ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ዓይናቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «"ጋሼ፣ ገመዱን እንዳይለቁ፣ ገመዱ ያደርስዎታል" አልኳቸው። ከዚያ ሳሙና ረስቼ ወደዚህ ተመለስኩ። አብሬያቸው ብሄድ ምን ነበረበት?»

«ቀለሙን በምን ቀባሻቸው?»

«በብሩሽ። እኔን አልነካኝም።»

«ቶሎ ይለቃል?»

«እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ተጣድፎ የታጠበ ሰው ጥፍሩ ሥር፣ ቀለበቱ ሥር ይቀርበታል። ትምህርቱም እሱ ነበር።»

«ከወደቁ በኋላ ማን ነካቸው?»

«እኔ ብቻ። ወርጄ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ። ምክትላቸው ከላይ ቆመው ቀሩ፤ ደንግጠው ነው መሰለኝ።»

የሙዚቃ መምህሩ አዳራሹ ውስጥ ኦርጋኑ ፊት እንደተቀመጠ ነው። እጁን ከቁልፎቹ ላይ አላነሣም።

«"አንድ ቀን እንኳ እንደኔ ሂዱ" እያልኩ የጎተጎትኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ገመዱንም የወጠርኩት እኔ። እሳቸው ሲሞቱ እኔ እዚህ ስጫወት ነበር። ዓይን የሌለኝ ሰው ጆሮዬን በሙዚቃ ደፈንኩት።»

«ጨዋታውን አቋርጠህ ነበር?»

«ጩኸቱን እስክሰማ አላቋረጥኩም። ሲስተርን ጠይቂያት፣ እስከ ክፍሏ ድረስ ይሰማል።»

«ምክትሉ ዛሬ አዲስ ሱፍ ለብሰዋል። ለእንግዶቹ ነው?»

መምህሩ ፊቱን አዞረ። «ዛሬ የሦስተኛም ነገር ቀን ነበር። አገሪቱ አርአያ መምህራኗን የምታስብበት ቀን ነው። ምክትሉ ዕድሜያቸውን እዚህ ጨርሰዋል፤ መድረክ ላይ ወጥተው ሊመሰገኑ ነበር። ልጆቻቸውም ሊመጡ። ጋሼ ትናንት "አንድ ቀን ሦስት አይሸከምም፣ ያንተ ለከርሞ ይሁን" አሏቸው። ሰው ፊት ነው ያሏቸው። እኔም ቀኔ አልተነካብኝምና ዝም አልኩ። ይህም ይቆጨኛል።»

የምክትሉ ቢሮ ከደረጃው ፊት ለፊት ነው። ምክትሉ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ጣቱ ላይ ወፍራም የጋብቻ ቀለበት ያጠለቀ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት።

«ስልክ ላይ ነበርኩ» አለ። «የሲስተርን ጩኸት ሰምቼ ነው የወጣሁት። ገመዱንም ቀለሙንም አልነካሁም።»

«ጥፋቱ የማን ይመስልዎታል?»

«የሁላችንም ነው። እማማ አርጅታለች፣ ሲስተር ቸኩላለች፣ መምህሩ ጎትጉቷል። አንዱን ነጥሎ መያዝ አግባብ አይደለም። ምስኪኗን አሮጊት ባትጨክኑባት ደስ ይለኛል።»

መርማሪዋ አመሰገነችውና ወጣች። ደግ ንግግር ነው። ግን ሌሎቹ ሦስቱ ጥፋቱን እየነጠቁ ለራሳቸው ሲወስዱ፣ እሱ ቁጭ ብሎ አከፋፈለው። ይህ ወንፊቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ ገመዱን ከአዳራሹ በር ጀምራ በዝግታ ተከተለችው። ሰማያዊ የመዳፍ ምልክት፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ደረጃው አፍ ጋ ደረሰች። ምልክቶቹ ግን አላቆሙም። ደረጃውን አልፈው ወደ ቧንቧዎቹ ጥቂት ቀጠሉና፣ የመጨረሻው ረጅም ጭረት ሆኖ አለቀ። ተመልሳ ደረጃውን አየች፤ እንደገና ጭረቱን አየች። ከዚያ ነጭ ሳፋዎች እንዲቀርቡላት አዘዘች።

አራቱም ተጠርተው ቧንቧዎቹ አጠገብ ተሰበሰቡ።

«በዓሉ ሳይከበር ቀረ» አለች ወንፊት። «እስቲ እኛ እናክብረው። ሁላችሁም ታጠቡ፣ ደህና አድርጋችሁ።»

ነርሷ ታጠበች፤ ውሃው ነጭ እንደሆነ ቀረ። መምህሩ ታጠበ፤ ያው ነው። እማማ ታጠበች፤ ከሳሙና አረፋ በቀር ምንም የለም።

«እኔ ታጥቤያለሁ» አለ ምክትሉ።

«አውቃለሁ። ዛሬ እጁን የሚታጠብ ሰው ማንም አይጠረጥረውም። ቀለበትዎን ያውልቁና ይድገሙት።»

ቀለበቱ እንቢ አለ። በሳሙና አሸት አሸት ሲያደርገው ወጣ። ሳፋው ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወረደና ተበተነ።

«ሟቹ የወደቁት ደረጃው ላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «መዳፋቸው ግን ከደረጃው ወዲያ ያለውን ገመድ ጨብጧል። እዚያ ደርሰው ቢሆን ኖሮ አይወድቁም ነበር። ታዲያ እሳቸው ካልሄዱ፣ የሄደው ገመዱ ነው። እሳቸው ሲይዙት ጫፉ ከዚህ ተፈትቶ የደረጃው መደገፊያ ላይ ታስሮ ነበር። እሳቸውም "ገመዱ ያደርስዎታል" የተባሉ ሰው ናቸውና አመኑት። ያ ረጅም ጭረት ሲወድቁ የጎተቱት ነው። ከዚያ አንድ ሰው ገመዱን ወደ ቦታው መለሰ፤ ቀለሙ ግን አልደረቀም ነበር። መምህሩ አይደለም፣ ኦርጋኑ አልቆመም። የእማማ ጓንት ቢጫ ነው፣ የሲስተር እጅ ንጹሕ ነው። አስከሬኑን ነክቼ ነው እንዳይሉኝ ደግሞ ከላይ አልወረዱም። ቀለምም አልነካሁም ብለውኛል።»

ምክትሉ ቀለበቱን በእርጥብ እጁ ጨበጠ።

«እንዲሞቱ አልነበረም» አለ። «ተደናቅፈው አንድ ሁለት ደረጃ እንዲንሸራተቱ ነበር። ትንሽ እንዲያፍሩ፣ ዝግጅቱም እንዲበላሽ። ልጆቼን ምን ብዬ አትምጡ እንደምላቸው ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። እሳቸውን ዝቅ ብለው ባያቸው የሚቀለኝ መሰለኝ።» ወደ ደረጃው ዞረ። «ወድቀው ሳያቸው ግን ገመዱን ለመመለስ ሮጥኩ። ወደሳቸው አልሮጥኩም።»

ፖሊሱ ቀረበ። እማማ ግን አሁንም ባልዲዋን እያየች ነበር።

«ውሃው ግን የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ደረቅ ቢሆን ኖሮ እግራቸው ይይዝ ነበር። ሁለታችንም ነን።»

ወንፊት ፖሊሱን በእጇ አስቆመችው። የሟቹ ጫማ ሶል ደረቅ እንደነበር፣ የጠመኔው ብናኝ እንኳ እንዳልታጠበ ልትነግራት ትችል ነበር። አሮጊቷን ግን አየቻት፤ የራሷ እጅ የሠራውን ትታ ውሃውን ያመነች ሴት ናት።

«እኔ ብነግራት ለማጽናናት ነው ትላለች» አለችው ምክትሉን። «እርስዎ ይንገሯት።»

ምክትሉ ቢዋሽ ይጠቀማል፤ ከጥፋቱ ግማሹን የሚሸከምለት ሰው ፊቱ ቆሟል፣ ያውም በፈቃዱ። ወለሉን አየ፣ ከዚያ እማማን።

«ደረቅ ነበር» አለ። «አንቺ በደንብ አድርቀሽዋል። ውሃውን ከወደቁ በኋላ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ገመዱን ከመለስኩ በኋላ።»

እማማ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ከጠዋት ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ተቀምጬ ነበር» አለችው። «አጠገቤ መጥተው "አይዞሽ እማማ፣ ሰው ይሳሳታል" ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔም እጅዎን ሳምኩ።»

ምክትሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ሊከት ሞከረ፤ ፖሊሱ ግን ይዞት ነበር። እማማ ቁልፏን ጨብጣ የልጅ ልጇን ልትከፍትላት ወጣች።