ሱሉልታ ጨፌ ላይ የሰማሁት ቆጠራ

እኔ እኮ መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ተሰማኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄን መቆጣጠር የሚያቅተኝ ሴት ነበርኩ። ሥራዬም ቢሆን በዓይን ያላዩትን አትጻፉ የሚል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ሄጄ፣ ምን እንስሳ፣ ምን ወፍ እንዳለ፣ በሕግ የተጠበቀ ካለም አጣርቼ ሪፖርት አቀርባለሁ። ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራሁት ከባለቤቴ ከዮናስ ጋር ነው፣ እሱ በባይኖኩላር እያየ ይቆጥራል፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ አሥር በሞላ ቁጥር ቀስ ብሎ «ጻፊ» ይለኛል። ዮናስ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ብዙ ነገሩ ይናፍቀኛል፣ ግን እመኑኝ፣ እንደዚያች «ጻፊ» የሚናፍቀኝ የለም።

ባለፈው ጥቅምት ሱሉልታ፣ ቪላ ሊሠራበት የታሰበ ጨፌ እንዳጠና ተላክሁ። ዋናው ጥያቄ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚያ አለ ወይስ የለም ነው፤ ይህ ዝይ ከእኛ ደጋ ሌላ አገር የለውም፣ ከተገኘ ፕላኑ እንደገና ይታያል። ከቡራዩ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ስደርስ፣ ጨፌው ዳር ተወልደው ያረጁት ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው እየጠበቁኝ ነበር። ጉሙ፣ ምን ልበላችሁ፣ የገዛ ቦቲዬን ከልሎብኛል።

ትንሽ እንደቆምን ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ክንፍ ሲራገፍ፣ ደስ አለኝና ደብተሬን አወጣሁ። ያኔ ነው ከጉሙ ውስጥ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ሰው በለሆሳስ ሲቆጥር የሰማሁት።

«አሥራ ስምንት... አሥራ ዘጠኝ... ሃያ። ጻፊ።»

እጄ ጻፈ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እኔ ሳላዘው ጻፈ።

«ሰው ይዘሽ ነው እንዴ የመጣሽው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

«ብቻዬን ነኝ፣ አባባ። ማንን አይተው ነው?»

«ኩኖ! ያውልሽ፣ ያ ረጅሙ፣ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰው።»

የዮናስ አረንጓዴ ጃኬት ቤቴ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። እሳቸው ወደጠቆሙበት ባፈጥም ነጭ ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ። «ሃያ ሦስት» አለ ድምፁ፣ እኔም አላስቻለኝም፣ «ዮናስ!» ብዬ ጮህኩ። ቆጠራው ተቋረጠ።

ጉሙ ሲገፈፍ ሰውም ዝይም የለም። ሲበሩም አልሰማንም። ሳሩ ግን እዚህም እዚያም ተኝቶ ነበር፣ ጎንበስ ብዬ ብዳስሰው ይሞቃል፤ የከብት ነው እንዳልል ከብት ውሃ ላይ አይተኛም። ሦስት ቀን ተመላልሼ ጠበቅሁ፣ ምንም አላገኘሁም።

ለአለቃዬ ነገሩን እንዴት ብዬ ላስረዳው? «ያየሽውን አስፍሪ» አለኝ፣ እኔም «አልታየም» ብዬ ሪፖርቱን አዘጋጀሁ። ውሸት አይደለም። ግን ያን ምሽት አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፣ ከሞት ወዲያ የቆጠረልኝን የገዛ እጄ ሰረዘው።

ልፈርም ባልኩበት ጠዋት ኦቦ ገመቹ ደወሉ።

«ያ ሰውዬ ዛሬም መጥቷል።»

«እየቆጠረ ነው?»

«ኧረ የለም፣ ዛሬ ዝም ብሎ ቆሟል፣ ወደ መንገዱ ያያል። ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።»

«አባባ፣ በእናትዎ፣ ስልኩን ይስጡልኝ!»

ሲራመዱ ሰማሁ፣ እርጥቡ ሳር ሲንሿሿ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ «እንካ፣ አንተን ነው» ሲሉ። ከዚያ ስልኩን አንድ ሰው ተቀበላቸው። ይተነፍሳል ብቻ፤ ያን ትንፋሽ ስንት ዓመት ትራስ ተጋርቼው የለ እንዴ? ልጠይቀው የምፈልገው ስንት ነገር ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን «በርዶሃል?» የሚል ብቻ ሆነ። መስመሩ ተቋረጠ።

ከቢሮ በየቀኑ ይደውሉልኛል፣ ሪፖርቱ የት ደረሰ ይላሉ። እስክሪብቶውን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እስከ ዛሬ አልፈረምኩም።