የቀንድ እጀታው ሰንጢ በማን ፊት ነበር?

ጋሽ ሳህለ ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ባለው ፍላታቸው ውስጥ፣ ካርታቸውን በእጃቸው እንደያዙ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሞቱ። ሻያቸው ውስጥ የገዛ የልብ መድኃኒታቸው ከልክ በላይ ተጨምሯል። ቤቱ ውስጥ የነበሩት እህታቸው እትዬ ኣብሪሃትና የልጅነት ጓደኛቸው ጋሽ ኣላዛር ብቻ ናቸው። ሻዩን ያፈላው ማነው ሲባል እትዬ ኣብሪሃት ጋሽ ኣላዛርን፣ ጋሽ ኣላዛርም መልሰው እትዬ ኣብሪሃትን ይጠቁማሉ። ሁለቱም ሰባን አልፈዋልና የተፈረደበት ከእስር ቤት በሕይወት አይወጣም።

ሰው ሁሉ የጠረጠረው ጋሽ ኣላዛርን ነው። ሟቹ ሊያገቧቸው ቀን የቆረጡላቸውን ወይዘሮ ኣስካሉን እሳቸውም ከአስመራ ጀምሮ ይወዷቸው ነበር። ይህን ደብቀው አያውቁም፤ ቅናት መች ይደበቃል!

በማግስቱ የለንደን ፖሊሷ መርማሪ ጥሩብርሃን ከጋሽ ኣላዛር ወንበር ፊት የቀንድ እጀታ ያለው ሰንጢ አየች።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«የሳህለ ሕግ ነው ልጄ» አሉ ከባተርሲ ሰፈር ያለቀሱበት ዓይን ይዘው የመጡት ወይዘሮ ኣስካሉ። «ካርታ የሚያድለው ሰው ፊት ይቀመጣል። ሦስት ከሆኑ ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ያደለው ተነስቶ ሻይ ያፈላል። እንግሊዞች ‹ፓስ ዘ ባክ› የሚሉት ከዚህ መጣ ይለን ነበር። ባክ ወንድ አጋዘን ነው። ድሮ አሜሪካ ፖከር ሲጫወቱ ቀንድ እጀታ ያለው ቢላ ባለተራው ፊት ያኖሩ ነበር አሉ። ማደል ያልፈለገ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። ኃላፊነትን ሰው ላይ መግፋት ማለት ሆኖ ቀረ።»

ጥሩብርሃን እትዬ ኣብሪሃትን ለብቻቸው ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው።

«እርስዎ ከወንድምዎ ጋር ሲጫወቱ ምን ይዘው ነበር?»

«ሁለት ንጉሥና የልብ ንግሥት» አሉ ሳያመነቱ። «ወንድሜ ሲወድቅ ካርታዬን ከጥቅሉ ጋር ደባለቅሁት። ጥቅሉንም ከእጄ ሳላወጣ ለፖሊስ ሰጠሁ።»

ቀጥሎ ጋሽ ኣላዛር ገቡ። እጃቸው ከኮታቸው የደረት ኪስ ላይ አይነሳም።

«ኪስዎን ቼክ ላድርግ ጋሼ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሦስት ካርታ አወጡ። «ካርታዬን ከደረቴ ለጥፌ ብይዝም ዕድሜ ልኬን በካርታም በሴትም ያሸነፈኝ እሱ ነው። ትናንት ግን ደህና ካርታ ወጣልኝ። ሲወድቅ ሳላስበው ኪሴ ከተትኩት። ሰው እየሞተ ካርታ ደበቅሁ ብዬ እንዴት ልናገር? አፈርኩ።»

ከዚያ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ፖሊስ የተረከበውን ጥቅል ቆጠርኩት። ሟቹ እጅ ላይ ከተገኘው ሌላ ሦስት ይጎድላል። እትዬ፣ እርስዎ ደባለቅሁት ያሉት ሁለት ንጉሥና የልብ ንግሥት እዚያ ውስጥ የለም።» የጋሽ ኣላዛርን ካርታ ገለጠችው። «ይኸው።»

እትዬ ኣብሪሃት ካርታዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ጥቅሉ ከእጅዎ ካልወጣ ጋሼ ከዚያ ሊወስዱ አይችሉም። ስለዚህ የታደለው ለእሳቸው ነው፤ የሚጫወት ደግሞ ሻይ አያፈላም። ጋሼ ካርታቸውን ከደረታቸው ለጥፈው ነው የሚይዙት። ይህን ካርታ ሊያይ የሚችለው ሻይ ይዞ ከኋላቸው የቆመ ሰው ብቻ ነው። ምን ይዘው ነበር ብዬ ስጠይቅዎ ቶሎ የመጣልዎ ያዩት ነው። ጥቅሉን ሲሰበስቡ ሰንጢውንም ወደ እሳቸው ገፉት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ እትዬ።»

«ኣብሪሃት?» አሉ ወይዘሮ ኣስካሉ።

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ እትዬ ኣብሪሃት። «ሸሚዙን ስተኩስ፣ መድኃኒቱን በጠብታ ስቆጥር፣ ሲያመው አጠገቡ ስቀመጥ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ‹ኣስካሉ ስትመጣ የአንቺን ክፍል እንለቅላታለን› አለኝ፤ ካርታውን እያየ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።»

ጋሽ ኣላዛር ቀና ብለው እትዬ ኣብሪሃትን አዩ። በዚያች ቤት ቅናትን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ይመስላቸው ነበር።

እትዬ ኣብሪሃት እጃቸውን ዘርግተው ሰንጢውን ከጋሽ ኣላዛር ፊት አነሱና ወደ ራሳቸው ቦታ መለሱት።

«ተራው የእኔ ነበር» አሉ።