የእማማ ቁልፍ መዝገብ

ሰኞ ጠዋት የምርምር ተቋሙ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብሎ ተገኘ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩም እንደበራ ነው። እሱ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ የለም።

ሬሳው ሲወጣ ግቢው በሙሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ቀና ለማለት ያልደፈረችው የዘር መጋዘን ጠባቂዋ ብቻ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመጋዘኑ ቁልፍ ከወገቧ ወርዶ ስለማያውቅ ሰው ሁሉ «እማማ ቁልፍ» ይላታል። ለዕረፍት ቀን የኮሪደሩን በር ቁልፍ እየመዘገበች የምትሰጠውም እሷ ናት። መጋዘኗ ከሟቹ ቢሮ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ዓርብ እንደ ልማዷ ሰው ሲወጣ ጠብቃ የነቀዝ መድኃኒት ዘሩ መሐል አስቀምጣ በሩን ቆልፋ ሄዳለች። መድኃኒቱ ጋዝ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ግቢው ባዶ ስለሆነ ሰኞ ከፍታ ታናፍሰዋለች።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፣ ዐይኗ ግን ዕረፍት አያውቅም።

«እማማ፣ ዓርብ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ተመራማሪው ዶክተር።»

«ተጣልተናል የኔ ልጅ። ምን እዋሻለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት አዲስ መመሪያ አውጥቷል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ሁሉ፣ ከነመረጃው፣ ማንም በነፃ እንዲያነበው ድረ ገጽ ላይ ይውጣ ይላል። የጊዜ ገደቡ ይህችው ሰኞ ናት። ሟቹ ታዲያ የመጋዘኑን መዝገብ ሳይቀር ፎቶ አንስቼ ላውጣው ብሎ መጣ። እማማ ቁልፍ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ፊደሏ የጉንዳን መንገድ ይመስላል። «ዓለም እንዲስቅብኝ ነው?» ብላ እሳት ጎርሳ ጮኸችበት።

«ሌላስ የተነጋገራችሁት ነገር አለ?»

ዓርብ ትዝ አላት። ሰውዬው ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «እማማ፣ ነገ ገብቼ ልሠራ ነው። ይሄ ጋዝዎ በግድግዳው አያልፍም አይደል?» ብሏት ነበር። እሷም ገና ንዴቷ ሳይበርድ፣ «ምንም አይሆንም! ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ!» አለችው።

«የለም» አለች ለመርማሪዋ። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች።

መርማሪዋ የሟቹን ክፍል ዞር ዞር ብላ አየች። ክፍሉ ሰፊና ፀሐይ የሞላበት ነው። ቅዳሜ ሲዘንብ ስለዋለ መስኮቶቹ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። በመጋዘኑ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ያረጁ ፕላስተሮች በተርታ ተለጥፈዋል፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር አላቸው።

«እነዚህን ማን ለጠፋቸው?»

«ዶክተሩ ነዋ። ክፍሉ የሱ ነበር እኮ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን ይሠራል፣ ራሴን አመመኝ እያለም ያማርር ነበር። ኋላ የሙቀት መለኪያ ነው ብሎ በፕላስተር ሲሰቅል መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

የዶክተሩ የአሁኑ ቢሮ ኮሪደሩ ጥግ ነው። በቀትር እንኳ አምፖል ይበራበታል።

«ዶክተር፣ ያን የመሰለ ክፍል ለምን ለቀቁ?»

«ለሟቹ አዝኜለት ነው። ዐይኑ ደካማ ስለነበር ብርሃን ያስፈልገዋል» አለ። «ይልቅ መርዙ በማን እጅ እንዳለ ጠይቂ። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ነው፤ የማን ወገብ ላይ እንደሚንጠለጠልም ግቢው ያውቃል።»

ኮሪደሩ ላይ የቆመችው እማማ ቁልፍ ሰማችው። በስተርጅና ነፍሰ ገዳይ ተብላ በልጆቿ ፊት ስትነዳ ታያት።

መርማሪዋ መዝገቡን ጠየቀቻት። በሻርፕ ጠቅልላ አመጣችው።

«አትሳቂብኝ እሺ?»

«ምኑ ያስቃል? ቀን፣ ሰዓት፣ ስም። የኔ ባልደረቦች እንዲህ ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት!»

ከምሳ በኋላ ዶክተሩ፣ ምክትል ዳይሬክተሩና እማማ ቁልፍ በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ።

«የሞተው በጋዙ ነው፤ ሐኪሙ አረጋግጧል» አለች መርማሪዋ። «እስከ ዛሬ ሰው ያልሞተው መስኮት ዘግቶ ቅዳሜን እዚህ የዋለ ስለሌለ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ጋዙ በግድግዳ እንደሚያልፍ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም» አለ ዶክተሩ። «የአጠቃቀም ወረቀቱ አያልፍም ይላል።»

«የእማማ መዝገብ ግን ሌላ ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዘጠኝ ቅዳሜ፣ ‹ዶክተሩ የኮሪደሩን ቁልፍ ወሰደ።› ዘጠኙም መድኃኒት የተቀመጠባቸው ቅዳሜዎች ናቸው። ሙቀት የሚለካ ሰው ማክሰኞስ ለምን አይለካም? ከዘጠነኛው በኋላ በሳምንቱ እርስዎ ፀሐዩን ጥለው ጨለማ ቢሮ ገቡ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «መመሪያው በእርስዎ ፊርማ ጥናት እንዲዘገይ ይፈቅዳል። የዶክተሩን ሦስት ጊዜ አዘግይተዋል። አንብበውታል?»

«ርዕሱን... ርዕሱን አይቻለሁ።»

«ምን ይላል?»

«የነቀዝ ጋዝ...» የምክትሉ ድምፅ ሰለለ። «የነቀዝ ጋዝ በብሎኬት ግድግዳ ስለማለፉ።»

መርማሪዋ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረችው። «ሟቹም ርዕሱን በዘገዩት ጥናቶች ዝርዝር ውስጥ አየው። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ‹ዶክተር፣ ነገ እዚህ ክፍል ስለምሠራ ጥናቱን እንዳነበው ይፍቀዱልኝ› ብሎ ጻፈ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ እርስዎ ‹አልፈቀድኩም› የሚለውን ተጫኑ።»

«መጽሔቱ ቀድሞ የወጣ ነገር አያትምልኝም! የሦስት ዓመት ልፋቴ ነው! ደግሞ ይገባል ብዬ መች...»

«እገባለሁ ብሎ ጽፎልዎታል እኮ።»

ፖሊሶች ዶክተሩን ሲወስዱት ምክትሉ ፊቱን በእጁ እንደሸፈነ ነበር።

«እማማ፣ ይሂዱ፤ ይረፉ» አለች መርማሪዋ።

አልተነሣችም።

«ዋሽቼሻለሁ። እኔንም ጠይቆኝ ነበር። ምንም አይሆንም አልኩት።»

«እርስዎ አያውቁም ነበር።»

«አላውቅም ነበር። እንግዲያው ‹አላውቅም› ማለት አያቅተኝም ነበር።»

መዝገቡን ስባ ዓርብን ገለጠች። በዚያች በተንጋደደች ፊደሏ ጨመረችበት፦ «ጋዙ ያልፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ መዝገቡን ወደ ምክትሉ ገፋችው።

«በል ፎቶ አንሣው» አለችው። «እንዳለ ይውጣ።»