የኋላው ብረት

«ጋሽ ደጅይጥኑ፣ ምን ያስፈራዎታል? ብረት እኮ ነው፤ ይቁረጡትና ይገላግሉኝ!» አለ ሾፌሩ ቢያዝን፣ ከጭነት መኪናው ኋላ ዝቅ ብሎ የተገጠመውን ብረት በጫማው እየመታ። «ወንዝ በተሻገርኩ ቁጥር ድንጋይ እየያዘብኝ ተቸግሬያለሁ።»

ማስተዋል የአባቷን የጋሽ ደጅይጥኑን ሻይ እንደያዘች ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ሰቆጣ ውስጥ ይህን ብረት ያላስቆረጠ ሾፌር ጥቂት ነው። ለምን እንደተገጠመ እሷም ጠይቃ አታውቅም ነበር፤ የጓደኛዋ የሶስና ወንድም ባንተአምላክ እስኪሞት ድረስ።

ባንተአምላክ ይነዳት የነበረችው ትንሽ መኪና ቁልቁለት ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ገባች። ከታች የሚያግዳት ብረት አልነበረም። አፍንጫዋ ሳይጨረመት ሾልካ ገባችና የዕቃ መጫኛው የካሶኒው ጠርዝ መስታወቱን ጥሶ እሱ ላይ ደረሰ። ማስተዋል የጭነት መኪናውን በስልክ ፎቶ ስታየው አወቀችው። ክረምት ሳይገባ ብረቱን ለማስቆረጥ እዚሁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ቀበቶውን አስሮ ነበር እኮ፤ ታዲያ ለምን?» ትላት ነበር ሶስና፣ ልቅሶው ላይ እጇን ጨብጣ። «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ ለቀስተኞቹ። የማስተዋል አባትም እንደዚያው አሉ።

አሁን አባቷ መቁረጫውን አነሱ።

«አባዬ፣ ይተዉት» አለች ማስተዋል። «ያኛውንም የቆረጡት አንቱ ነዎት።»

«አንቺ ደግሞ ትራፊክ ሆንሽ እንዴ?» ሳቀ ቢያዝን።

አባቷ ግን አልሳቁም። የብየዳ ጭንብላቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት። «ዛሬ አልሠራም» አሉ ከውስጥ።

«ብየዳ ቤት እንደሆነ ሞልቷል!» ቢያዝን መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ማስተዋል ሻዩን አስቀምጣ ነጠላዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ሶስና ጋ። ለምን ብላ ጠይቃኛለች።»

አባቷ ጭንብሉን አወለቁ። ብየዳው ሳይበራ ዓይናቸው ቀልቷል። «ከነገርሻት በኋላ ዓይንሽን ማየት አትፈልግም፣ ልጄ። የእኔንም።»

«አውቃለሁ።»

አልከለከሏትም።

ሶስና እቤቷ ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ማስተዋልን ስታይ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «መጣሽልኝ?» አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ማስተዋል አልተቀመጠችም።