የንዳድ ተማሪ

በ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት፥ ጥቅምት ሲጋመስ፥ ከወጀት እስከ ቡሬ ያለው ሜዳ የአደይ አበባውን አራግፎ የጤፉ ዛላ መቅላት ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ፍኖተ ሰላም የተባለችው ወጀትም ያን ጊዜ ጥቂት ጎጆዎችና አንድ የኢጣልያ ምሽግ ነበረች። ከዚያ በላይ፥ በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ፥ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጠላት በገባ በሦስተኛው ዓመት ግን ከተማሪዎቻቸው ዘጠኙ ዳዊታቸውን እንዳነገቱ ወደ አርበኞች ሄደው፥ ሰባቱ ደግሞ ቀለብ ለመለመን ወደ ወምበርማ ቆላ በወረዱበት በንዳድ አልቀው፥ የተማሪ ጎጆዎቹ ግማሽ ባዶ ሆነው ቀርተው ነበር።

ከቀሩት አንዱ ዲያቆን ዓለምብርሃን ነው፤ የሽንዲ ተወላጅ፥ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው፥ ቁመተ ረዥም፥ ጥያቄ የማያልቅበት። ታናሽ እኅቱን ሀብትነሽን ንዳድ ከወሰዳት ወዲህ አንድ ነገር ከልቡ አልወጣ ብሎት ኖሯል፤ በሽታው ደገኛውን ትቶ ቆላ የወረደውን የሚመርጠው ስለምን ነው? ክረምት ሲወጣ ጠብቆ የሚመጣውስ ማን ቀጥሮት ነው? አንዱን ነጋዴ ቢጠይቅ የረግረግ ሽታ ነው ይለዋል፤ አንዱን ሥር ማሽ ቢጠይቅ የበቆሎ እሸት ነው ይለዋል፤ ቄሱም «የእግዜርን ሥራ አትመርምር» ብለው ይገሥጹታል። እሱ ግን መመርመሩን አልተወም።

በዚያው ወር በቡሬ ገበያ ነጋሪት ተጎሰመ። እጅጉ የሚባለው የጦር ሰፈሩ አስተርጓሚ ከድንጋይ ላይ ቆሞ እንዲህ ሲል አነበበ፦

«ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ፥ ዕድሜው ከሃያ አምስት ያልበለጠ፥ ጠባዩን የሚመሰክርለት ዋስ ያለው አንድ ወጣት ወደ ሮማ ተልኮ የሕክምና ረዳትነት ይማራል፤ ቀለቡን፥ ልብሱንና መሳፈሪያውን መንግሥት ይችልለታል!»

ገበያተኛው እንዳልሰማ ወደ እህሉ ዞረ፤ አንዲት ቅቤ ሻጭ ብቻ «ድመት አይጥን ላስተምር አለች» ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ዓለምብርሃን ግን «ሕክምና» የምትለዋን ቃል ይዞ የግማሽ ቀን መንገድ ሲመለስ እግሩ መሬት መርገጡንም አላወቀ።

መሪጌታን ያገኛቸው ከደብሩ ዋርካ ሥር ነበር።

«የኔታ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ሳትጠይቅ የዋልክበት ቀን የትኛው ነው? ተናገር።»

«የጠላትን እንጀራ እየበሉ መማር ኃጢአት ነው?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አደረጉ። «ሙሴ የግብፅን ጥበብ ሁሉ ተምሮ ነበር፤ ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት ተምሯል። ተምረው ለማን እንደቆሙ ግን አንተም አንብበኸዋል።»

«እኔም ተምሬ እመለሳለሁ። ዋስ ግን ይሻሉ።»

«ይህን ሁሉ መንገድ የዞርከው ለዚህ ነው?» ብለው ፈገግ አሉ፤ ወረቀትና ብርዕ አስመጥተውም በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ «ይህ ልጅ አገራችንን የያዛትን ደዌ ያውቃል፤ ፈውሷንም ይሻል። እንግዲህ እግዚአብሔር ይርዳን፤ ከእናንተ ይማር።» ዓለምብርሃን አንብቦ ቀና ሲል የመምህሩ ዓይን ይስቅ ነበር። ሰሙ፥ ልጁ ከእናንተ ትምህርት ያግኝ ነው፤ ወርቁ፥ በሽተኛን «እግዜር ይማርህ» እንደሚሉት፥ እግዜር አገራችንን ከእናንተ ይማር ነው።

በሦስተኛው ቀን በቡሬ ምሽግ ውስጥ ከካፒቴኑ ፊት ቀረበ። እጅጉ ደብዳቤውን ተቀብሎ በዓይኑ አነበበው፤ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም ሰሙን ብቻ ተረጎመ። ካፒቴኑ ራሱን ነቅንቆ ባዶ ወረቀት ወደ ዓለምብርሃን ገፋለት።

«የሚለው እንዲህ ነው» አለ እጅጉ፤ «ባለፉት ሦስት ዓመታት ከመምህርህ ዘንድ የሄዱት ተማሪዎች ሁሉ ስማቸውና ያሉበት ስፍራ ይጻፍ።»

«ይህ ለትምህርቱ ምን ይረባል?»

እጅጉ ጥያቄውን አልተረጎመውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለአንተ ትምህርት አይረባም» አለው።

ብርዑን አስቀምጦ መውጣት ይችል ነበር፤ ሳይወጣም የቀረው ስለ ፈራ አልነበረም። በተከፈተው በር በኩል፥ ከማዶው ክፍል፥ አንድ ሽበታም ሐኪም ከናስ በተሠራ ቱቦ ላይ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ደቅኖ ነበር፤ ከቱቦው ሥር ባለችው ስስ መስተዋት ላይ የደም ጠብታ ተቀብታለች። ዓለምብርሃን ያን ሳያይ ከዚህ ቤት ከወጣ ዕድሜውን ሙሉ እንቅልፍ እንደማይኖረው ታወቀው። ዘጠኙን አርበኞች ዘለለ፤ የሰባቱን ሙታን የክርስትና ስም በጥሩ እጅ ጽሑፍ አሰፈረ፤ ከስማቸው ግርጌም «በሽንዲና በወምበርማ ቆላ ይገኛሉ» ሲል ጨመረ። የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ ለዋሱ ለመሪጌታ ግን አልነገራቸውም።

ተመረጠ። ወደ ጎንደር የሚሄደው ካሚዮን እስኪመጣ ሐኪሙን እያገለገለ እንዲቆይ ታዘዘ። ሐኪሙ ቁጡ ሰው ነበር፤ ከአማርኛ «ና»ን፥ «ተው»ንና «እይ»ን ብቻ ያውቃል። በሁለተኛው ቀን የአንድ ንዳዳም ወታደር ደም በሰማያዊ ቀለም ነክሮ፥ ከቱቦው ሥር አስቀምጦ፥ «እይ!» አለው።

ዓለምብርሃን አየ። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቱን ብቻ ነበር ያየው፤ ቀጥሎ ብርሃን መጣ፤ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ምስር ክክ የተበተኑ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ክብ ፍሬዎች ነበሩ፤ በአንዳንዱ ፍሬ ሆድ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ሰማያዊ ቀለበት፥ በቀለበቱም ላይ ፈርጥ የመሰለ አንዲት ቀይ ነጥብ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ትከሻውን ይዞ እስኪያነሣው ድረስ ከዚያ አልተነቀነቀም። ሀብትነሽን የበላት ይህ ነበር፤ መልክ ነበረው፤ ያማረም ነበር፤ ማማሩ አናደደው።

ከዚያ ወዲህ ካሚዮኑ ባይመጣም አልከፋውም። የወባ ትንኝ ከደም ወደ ደም እንደምታጋባው፥ እንቁላሏንም በቆመ ውሃ እንደምትጥል ሐኪሙ በማሰሮ ውሃ እያሳየ፥ በወረቀት እየሣለ አስረዳው፤ የኪኒኑን ልክ በሰው ክብደት ማስላትም ተማረ። አርባ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ እጅጉ ከጉድጓድ ውሃው ዘንድ ጠራው።

«ወደ ሽንዲ የወረደው ጦር ተመልሷል። ሰባቱንም አገኟቸው፤ ቄሶቹ እየመሩ መቃብራቸውን አሳዩአቸው። ካፒቴኑ እስካሁን ይስቃል፤ ሲስቅ ነው ክፉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ዋስህ ወታደር ይልካል።»

«ለምን ነገሩኝ፥ አቶ እጅጉ?»

«የአዴት ልጅ ነኝ፤ ሰምና ወርቅ መለየት አልረሳሁም። ያን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ እኔም ይማረኝ እያልኩ ነው። ሂድ!»

ዓለምብርሃን ለበሽተኞች እንዲያድል የተሰጠውን የኪኒን ቆርቆሮ በነጠላው ቋጥሮ፥ በሽተኛ ሊጎበኝ የወጣ መስሎ ከበሩ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ወጀት እስኪደርስ ሮጠ። ከመምህሩ እግር ሥር ወድቆ ዝርዝሩን፥ ሙታኑን፥ የሚመጣውን ወታደር በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። መሪጌታ አልተቆጡም፤ ግን ፊታቸው በአንድ ጊዜ አረጀ። ደወል አስደወሉ፤ የቀሩት ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ተሰበሰቡ፤ መጻሕፍቱ በማኅደራቸው ተሸከፉ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሁሉም ወደ ሰሜኑ ተራራ ወጡ።

ከአፋፉ ሲደርሱ ከኋላቸው ጭስ ተነሣ። የሠላሳ ዓመት ጎጆ ነበር የሚቃጠለው።

«የኔታ፥ ቤትዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«ያቃጠሉትስ እነሱ ናቸው» አሉ መሪጌታ፥ ጭሱን እያዩ። «አንተ ያደረግኸው፥ እኔን ሳትነግር በአንገቴ ቁማር መጫወትህ ነው። ይህን ለንስሐ አባትህ ትናገራለህ፤ እኔም ቶሎ አልረሳልህም።» ከዚያ ብዙ መንገድ ሄዱ። ከአንድ ጅረት ሲደርሱ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀና አሉ።

«እስቲ አሁን ንገረኝ። በደሙ ውስጥ ምን ነበር?»

ነገራቸው። ፍሬዎቹን፥ ቀለበቱን፥ ፈርጡን። መሪጌታ እንደ ልጅ ወደ ፊት ዘንበል ብለው አዳመጡ።

«ቀለበት! ታዲያ ደሙን ያገባዋል እንጂ አይገድለውም በለኛ! ... መልሰህ ንገረኝ፤ ነጥቧ ከውስጥ ናት ከጠርዝ?»

«ከጠርዝ፥ የኔታ።»

«ከጠርዝ» ብለው ደገሙት፤ ተማሪዎቹም መጻሕፍቱን አውርደው ከበቧቸው፤ የዚያ ቀን ትምህርት እርሱ ሆነ።

ዓለምብርሃን ከዚያ እስከ የካቲት ፲፱፻፴፫ ድረስ ከአርበኞች ጋር ኖረ፤ ጠመንጃ ግን ብዙም አልያዘም። ሰፈሩን ከረግረግ አርቀው እንዲሠሩ አለቆቹን ይጨቃጨቅ ነበር፤ የኪኒኑንም ፍሬ እንደ ቁርባን ቆጥቦ ያድል ነበር። ጠላት ቡሬን ለቅቆ በሸሸ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ጥይቱና ወደ ብርድ ልብሱ ሲሻማ እሱ ወደ ሐኪሙ ክፍል ሮጠ፤ የናሱን ቱቦ ግን አላገኘውም። በማግሥቱ ዓመት ወጣቶች ለትምህርት እንደሚመረጡ ሰምቶ እስከ ደብረ ማርቆስ በእግሩ ሄደ፤ ጸሐፊው ማመልከቻውን አንብቦ «የት ተማርህ? ስንት ዓመትህ ነው?» አለው። «ቡሬ፥ አርባ አንድ ቀን። ሃያ ስድስት» ቢለው ወረቀቱን አክብሮ መለሰለት።

ሽንዲ ተመልሶ ድቁናውን ትቶ አገባ፤ በየክረምቱ መውጫም ከጎረቤቶቹ ጋር ዶማ ይዞ የቆመ ውሃ ሲያፈስስ ኖረ። አንዳንዱ ዓለምብርሃን አበደ ይል ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ይቆፍር ነበር።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ቡሬ ምሽግ፥ ስለ መድፉና ስለ ሽሽቱ በሰፊው ጽፈዋል፤ ለትምህርት ባሕር የተሻገሩትም ስማቸው በመዝገብ ሰፍሯል። በ፲፱፻፴፭ መከር ግን ሽንዲ ላይ ስንት ሕፃን ንዳድ ሳይነካው እንደከረመ የጻፈ የለም፤ በደኅና የዋለን ሰው ለመቁጠር ደብተር የሚገልጥ በዚያ አገር ገና አልተፈጠረም ነበርና።